አራሚው ያለፈበት ገጽ

ያለ ዋጋ የተገኘ መጽሐፍ በብዙ ሰው ዘንድ ከሁለት ስም አንዱን ሳይቀበል አያልፍም፤ ወይ የተሰረቀ ነው ይባላል፣ ወይ ደግሞ ዋጋ ቢኖረው ኖሮ ይሸጥ ነበር ተብሎ እንደ ወደቀ ዕቃ ይናቃል። እኔ ግን ብዙ ዓመት ሙሉ ከኢንተርኔት ቤተ መጻሕፍት በነጻ እየወሰድሁ ሳነብ የኖርሁ ሰው እንደ መሆኔ መጠን፣ ሁለቱም ስም ከማይገባቸው መጻሕፍት ጋር አንባቢን ማስተዋወቅ እንደ ዕዳ ሆኖ ይሰማኛል።

ስለ ሕጉ በአጭሩ ልናገር። የደራሲ መብት ወሰን አለው፤ በአገራችን በአዋጅ ቍጥር 410/1996 መሠረት ደራሲው በሕይወት ሳለና ካረፈም በኋላ 50 ዓመት ይጸናል፤ በአሜሪካ ደግሞ የቀደሙት መጻሕፍት ከታተሙ 95 ዓመት ሲሞላቸው የሁሉ ገንዘብ ይሆናሉ። እንግዲህ ሳሙኤል ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1759 ያሳተመውን፣ የእኛንም አገር መስፍን ታሪክ አድርጎ የደረሰውን፣ ሲራክ ኅሩይም ወደ አማርኛ የመለሱትን «ራሴላስ» በእንግሊዝኛው በነጻ የሚያነብ ሰው የማንንም አልወሰደም። በሕይወት ያለ ደራሲ ደክሞ ያሳተመውን መጽሐፍ ገና ከመደብር ሳይወጣ በስልክ ካሜራ እያነሣ በየቡድኑ የሚበትነው ሰው ግን፣ መጽሐፍ ወዳድ ነኝ ቢል አላምነውም።

በኢንተርኔት በነጻ የሚነበቡት መጻሕፍት መነሻ ማይክል ሃርት የተባለ የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። ይህ ሰው እ.ኤ.አ. ጁላይ 4 ቀን 1971 በዩኒቨርሲቲው ትልቅ ኮምፒውተር ላይ እንዲሠራ በተፈቀደለት ጊዜ የአሜሪካን የነጻነት መግለጫ በእጁ ተየበው፤ መሣሪያውም ትንንሹን የእንግሊዝኛ ፊደል ስለማያውቅ ጽሑፉን ከዳር እስከ ዳር በትልልቁ ፊደል አወጣው። ከዚያች አንዲት ሰነድ የተነሣው የጉተንበርግ ፕሮጀክት ዛሬ ከ70,000 በላይ መጻሕፍት ይዟል፤ ሃርትም በ2011 እስኪያርፍ ድረስ ከዚህ ሥራ አልተለየም።

አሁን ብዙዎች ወደሚስቱበት፣ እኔም ዋና ጉዳዬ ወደሆነው ነገር ልግባ። ሰው ሁሉ «መጽሐፉ ስካን ከተደረገ አለቀ» ይላል፤ ነገሩ ግን ከዚያ ነው የሚጀምረው። በኢንተርኔት የሚገኝ መጽሐፍ ሦስት ማዕርግ አለው፤ አንደኛው የገጹ ሥዕል ብቻ ነው፤ ሁለተኛው ኮምፒውተር ያንን ሥዕል አይቶ ፊደል መስሎ የታየውን የለቀመው ነው፤ ሦስተኛው ደግሞ የሰው ዓይን ከሥዕሉ ጋር ቃል በቃል አስተያይቶ ያረመው ነው። ጄምስ ብሩስ በ1790 በአምስት ቅጽ ያሳተመውን የጕዞ መጽሐፍ ኮምፒውተር በለቀመው ጽሑፍ ላነብ የሞከርሁ ጊዜ፣ በዚያ ዘመን የእንግሊዝኛው «ስ» ረዝሞ ይጻፍ ስለ ነበር መሣሪያው «ፍ» እያለ አንብቦት፣ ዓረፍተ ነገሩ ሁሉ ጥርሱ እንደ ወለቀ ሰው ንግግር ሆኖ አገኘሁት።

እንዲህ ያለው ስሕተት ግን ስለሚታይ አያስፈራም። የሚያስፈራው ራሱን የሚሰውረው ነው። በእንግሊዝኛ «እና» (and) የሚለው ቃል መካከለኛ ፊደሉ ቀለሙ ሲሳሳ ለሁለት ይከፈልና «ደረቅ» (arid) ወደሚል ቃል ይለወጣል፤ «ደረቅ» ደግሞ እውነተኛ ቃል ስለሆነ የትኛውም የፊደል መመርመሪያ ዝም ብሎ ያሳልፈዋል። በእኛም ፊደል «ለ» እና «ሰ» ከአናታቸው በቀር ምን ያህል እንደሚመሳሰሉ ልብ ያለ ሰው፣ «አገሩ ሰማ» ተብሎ የተጻፈው በሕትመት መደብዘዝ ምክንያት «አገሩ ለማ» ቢሆን፣ ሁለቱም የቀና አማርኛ ነውና፣ ከሰው በቀር የሚለየው እንደሌለ ያስተውላል። የጥንት ጸሐፍቶቻችን ይህንን ዐውቀው ነበር፤ ብራናው ተጽፎ ካበቃ በኋላ ከዋናው ጋር ይመሳከር ነበር፤ የተሳሳተው ይፋቃል ወይም ምልክት ይደረግበታል፤ የተዘለለውም ከመስመሩ በላይ በደቂቅ ፊደል ይገባል። ለዚህም ነው የድሮ ብራና ስናይ ያ በመስመሮች መካከል የገባው ትንሽ ጽሑፍ የነውር ሳይሆን የትጋት ምልክት የሚሆነው።

ይህንኑ የአራሚ ሥራ ቻርልስ ፍራንክስ እ.ኤ.አ. በ2000 ባቋቋመው ማኅበር ለጉተንበርግ የሚሠሩ ፈቃደኞች አሉ። አንዱን መጽሐፍ ገጽ በገጽ ይከፋፈሉታል፤ የገጹ ሥዕልና ኮምፒውተሩ ያነበበው ጽሑፍ ጎን ለጎን ይቀርባል፤ አንዱ ያረመውን ሌላው፣ ሁለተኛው ያረመውንም ሦስተኛው ደግሞ ያየዋል። በዚህ መንገድ ከ40,000 በላይ መጻሕፍት ተፈጽመዋል። እኔም ተመዝግቤ በመጀመሪያ የደረሰችኝ ገጽ ስለ አንድ መንገደኛ ራት የምትናገር ነበረች፤ «ዳቦ ደረቅ ውሃ ሰጡት» ትላለች። ከሥዕሉ ጋር ሳስተያይ «ዳቦና ውሃ» ሆኖ አገኘሁት። ሦስት ጊዜ አንብቤ ቃሉን መለስሁና ገጿን ለሚቀጥለው አራሚ ላክሁ።

የእኛ መጻሕፍት በአብዛኛው ገና በአንደኛው ማዕርግ ላይ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1973 የኢትዮጵያን ብራናዎች በማይክሮፊልም የማንሣት ሥራ ተጀምሮ በሺህ የሚቈጠሩ መጻሕፍት ተነሥተዋል፤ ጌታቸው ኃይሌም ዕድሜያቸውን ሰጥተው የብዙዎቹን ዝርዝር አዘጋጅተዋል፤ በሚኔሶታ የሚገኘው የሂል ሙዚየምና የብራና ቤተ መጻሕፍትም ለተመዘገበ አንባቢ ሁሉ በነጻ ያሳያል። እንዲህ ያለ ሀብት ተከፍቶ ሳለ ሥዕል ሆኖ መቅረቱ፣ ቃል ፈልጎ ማግኘትም አለመቻሉ፣ አራሚ ማጣታችንን ያሳያል።

ስለ አመራረጥ የምመክረው ጥቂት ነው። በስልክ ለሚያነብ ሰው ጽሑፉ እንደ መስኮቱ ስፋት የሚታጠፈው ኢፐብ ከፒዲኤፍ ይሻለዋል። ከአንድ መጽሐፍ ብዙ ቅጂ ሲገኝ የታረመውን መምረጥ፣ በስንት ዓመተ ምሕረት ከታተመው እንደ ተቀዳም ማየት ይገባል። አንድ ሺህ መጽሐፍ በአንድ ሌሊት አውርዶ አንዱንም ሳይከፍት የሚኖር ሰው መጋዘን ጠባቂ እንጂ አንባቢ አይደለም፤ ስሕተት አግኝቶ ሳያስታውቅ የሚያልፈውም፣ አስተያየት የሚቀበል አድራሻ ተቀምጦለት ሳለ፣ ከኋላው ለሚመጣው አንባቢ መሰናክሉን ትቶ መሄዱ ነው።

በጉተንበርግ መጻሕፍት ብዙዎቹ ላይ፣ ከርእሱ ቀጥሎ፣ መጽሐፉን እነማን እንዳዘጋጁት የምትናገር አንዲት መስመር አለች፤ አንባቢ ሁሉ ወደ ምዕራፍ አንድ ሲቸኩል ይዘላታል። የብራና ጸሐፊ በመጨረሻው ገጽ ስሙን ጽፎ በጸሎታችሁ አስቡኝ ይል ነበር፤ የዛሬዎቹ አራሚዎች ይህንን እንኳ አይለምኑምና፣ ያቺን መስመር ሳያነቡ ወደ ምዕራፍ አንድ አለመግባት የእኛ ፋንታ ነው።