ብስክሌትና የስኳር ሕመም

በልጅነታችን በየሰፈሩ ተከራይተን የነዳነው ብስክሌት ዛሬ ተመልሷል። በአዲስ አበባ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በኮሪደር ልማት የብስክሌት መንገዶች ተሠርተዋል። ብስክሌት መንዳት ልብን ያጠነክራል፤ ጡንቻም ስኳርን ከደም ወስዶ እንዲጠቀም ያደርጋል።

ነገር ግን ኢንሱሊን የምትወጉ ወይም ግሊቤንክላማይድ የምትውጡ ወንድሞችና እህቶች ተጠንቀቁ። መድኃኒቱና እንቅስቃሴው ተደምረው ስኳራችሁን ከመጠን በታች ሊያወርዱት ይችላሉ። በባዶ ሆድ አትንዱ፤ ስኳርና ውሃ ያዙ። ካላባችሁ፣ ከተንቀጠቀጣችሁ ወይም ካዞራችሁ ወዲያው ወርዳችሁ 3 ወይም 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በጥብጣችሁ ጠጡ። በ15 ደቂቃ ውስጥ ካልተሻላችሁ ድገሙት። ጾመኛ ብትሆኑም አፍጥሩ፤ ቀኑን በኋላ ቀዳ ታወጣላችሁ። ሰውነታችን የአላህ አማና ነውና።