ነገርን እንደ ቃሉ ስለሚወስድ ሠራተኛ

በካዛንቺስና በቂርቆስ ባሉት የንግድ ቤቶች ሠራተኛ የሚመዘነው በእጁ ሥራ ብቻ አይደለም። ጠዋት ከነቤተ ሰቡ ደኅንነት ጠያይቆ የሚገባ፣ ቡና ሲፈላ የሚጫወት፣ የአለቃው ቃል ሳያልቅ የሚገባው ሰው «ጨዋ» ይባላል። ይህ የጎደለው ግን በሥራው እንከን ባይገኝበትም፣ «ኩሩ ነው» ተብሎ በ60 የሥራ ቀናት የሙከራ ጊዜው ውስጥ ይሰናበታል።

እንዲህ ያለው ሰው አንዳንድ ጊዜ ኦቲዝም ያለበት ይሆናል። ኦቲዝም ከልጅነት ጀምሮ አእምሮ በተለየ መንገድ የሚሠራበት ሁኔታ ነው እንጂ የአስተዳደግ ጉድለት አይደለም። በኢትዮጵያ ይህን ለሕዝብ ያስረዱት እ.ኤ.አ. በ2021 ያረፉት ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ናቸው። እሳቸውም በውበት ሙያ የታወቁ ባለሥራ ሲሆኑ፣ ስለ ልጃቸው ሲሉ እ.ኤ.አ. በ2002 በአዲስ አበባ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን አቋቋሙ። በዚያን ዘመን ሕፃናት የነበሩት ዛሬ ለሥራ ደርሰዋል።

የአማርኛ ንግግር ሰምና ወርቅ የበዛበት ነው። ደንበኛው «እስቲ እናያለን» ሲል ነጋዴው እምቢታ መሆኑን ያውቃል፤ ኦቲዝም ያለበት ጸሐፊ ግን ደረሰኙን አዘጋጅቶ ይጠብቃል። እንግሊዛዊው ዴሚየን ሚልተን እ.ኤ.አ. በ2012 እንደጻፈው፣ አለመግባባቱ የሁለቱም ወገን ነው፤ ሌላውም ሰው የዚህን ሠራተኛ አሳብ አይረዳም። ስለዚህ ሹሙ «ጊዜ ሲኖርህ ብታያት» ከማለት «ዛሬ ከ9 ሰዓት በፊት ጨርስ» ብሎ በወረቀት ቢሰጠው ይሻላል። (ይህ ለሌሎቹም ሠራተኞች ባልከፋ ነበር።)

ቡና ወይም ሰሊጥ ለሚልክ ነጋዴ ነገሩ የገንዘብ ነው። በሌተር ኦፍ ክሬዲት ሽያጭ ባንኩ ሰነዶቹን ቢበዛ በ5 የባንክ ቀናት ውስጥ ይመረምራል፤ የከረጢቱ ቁጥር በአንዱ ሰነድ 320፣ በሌላው 302 ቢሆን ክፍያውን ሊከለክል ይችላል። ቃልን እንደ ቃሉ፣ ቁጥርንም እንደ ቁጥሩ የሚያይ ዐይን የሚፈለገው እዚህ ላይ ነው። ሆኖም ኦቲዝም ያለበት ሁሉ ሒሳብ አዋቂ ነው ማለት ስሕተት ነው፤ ችሎታቸው እንደ ማንኛውም ሰው ይለያያል።

የአካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት አዋጅ ቁጥር 568/2000 የአእምሮ ጉዳትንም ይጨምራል፤ አሠሪውም ተመጣጣኝ ማመቻቸት እንዲያደርግ ያዛል። ይኸውም ብዙ ወጪ ላያስከትል ይችላል፦ ከመንገድ ጫጫታ የራቀ ጠረጴዛ፣ የማይለዋወጥ የሥራ ሰዓት፣ በሰው ፊት ያልሆነ ተግሣጽ። ለቅጥርም ሲታሰብ፣ አመልካቹን በጨዋታው ከመመዘን አንድ ያለፈ የጭነት ሰነድ ሰጥቶ ስሕተቱን እንዲያወጣ ማድረግ ይቻላል።