ድንኳን ከመትከላችን በፊት



ትምህርት ቤት በተዘጋ ቁጥር በየቤቱ አንድ ጥያቄ ይነሳል፤ «ልጆቹን ዘንድሮ የት እንውሰዳቸው?» የሚል። ገጠር ዘመድ ያለው ወደ ዘመዱ ይልካቸዋል፤ የሌለው ደግሞ ከቤትና ከቴሌቪዥን የሚያላቅቃቸው ነገር ያጣል። ድንኳንና ብርድ ልብስ ጭነው ሁለትና ሦስት ቀን ከከተማ ወጥተው የሚያድሩ ቤተሰቦችና የወጣት ጀመዓዎችም አሉ። ሐሳቡ መልካም ነው። ሆኖም አንድ ቤተሰብ ከነሕፃናቱ ሜዳ ላይ የሚያድር ከሆነ ቦታው በወሬ ሳይሆን በጥናት መመረጥ ይኖርበታል። «እገሌ ሄዶ ወዶታል» የሚለው ቃል ውሃው የት እንዳለ፣ ሌሊቱ ምን ያህል እንደሚበርድ፣ ሐኪም ቤቱ ምን ያህል እንደሚርቅ አይነግረንም። በዚህ ጽሑፍ ስለ ጉዞ መመሪያ መጻሕፍት አጠቃቀም ለመወያየት የፈለግነውም ለዚሁ ነው።

መንገድን መጻፍ እንግዳ ነገር አይደለም

ብዙ ወጣቶች የጉዞ መመሪያ መጽሐፍ የፈረንጅ ቱሪስት ዕቃ ብቻ ይመስላቸዋል። ታሪኩ ግን እንዲህ አይደለም። በ9ኛው መቶ ዓመት፣ በዐባሲዮች ዘመን፣ የመልእክትና የመንገድ ሹም የነበረው ኢብን ኹርዳዝቢህ «አል-መሳሊክ ወል-መማሊክ» በተባለው መጽሐፉ ከአንዱ ማረፊያ እስከ ሌላው ያለውን ርቀት መዝግቦ አቆይቷል። ከኩፋ ወደ መካ በሚወስደውና በሃሩን አር-ረሺድ ባለቤት በዙበይዳ ስም በሚጠራው የሐጅ መንገድ ላይም በየማረፊያው ጉድጓዶችና የውሃ ማቆሪያዎች ተሠርተው ነበር። ለዚያ ዘመን መንገደኛ «እስከሚቀጥለው ውሃ ድረስ ስንት ነው?» የሚለው የሕይወት ጥያቄ ነበር። ዛሬም የመመሪያ መጽሐፍ ስንከፍት መጀመሪያ መፈለግ ያለብን ይህንኑ ነው። «ልብ የሚሰርቅ ውበት» የሚለውን ኋላ ብናነበው አይቸኩልም።

ስለ አገራችን ከተጻፉት መካከል በብዙዎች እጅ የገባው ፊሊፕ ብሪግስ ለብራድት አሳታሚ ያዘጋጀውና በ1995 (እ.ኤ.አ) ለመጀመሪያ ጊዜ የታተመው ነው። የሎንሊ ፕላኔት መመሪያም በ2000 (እ.ኤ.አ) ወጥቷል። ሁለቱም ከዚያ ወዲህ እየታደሱ ታትመዋል። የተጻፉት በእንግሊዝኛ ስለሆነ በቤት ውስጥ እንግሊዝኛ የሚያነብ ወጣት ለቤተሰቡ እንዲተረጉም ማድረግ ራሱ አንድ ጥሩ ትምህርት ነው።

የታተመበትን ዓመት እንይ

መጽሐፉን ስንከፍት ከርዕሱ ገጽ ጀርባ ያለውን የኅትመት ዓመት እንመልከት። በውስጡ ያለው መረጃ የተሰበሰበው ደግሞ ከዚያም ቀደም ብሎ መሆኑን እናስብ። የስሜን ተራሮችን ለምሳሌ እንውሰድ። አሮጌ መመሪያዎች ስለ ግጭ መንደርና ስለ ነዋሪዎቹ ያወሳሉ። የግጭ ነዋሪዎች ግን በ2008 ዓ.ም ከፓርኩ ወጥተው ወደ ደባርቅ ከተማ ተዛውረዋል። የራስ ዳሽንን ከፍታ አሮጌዎቹ መጻሕፍት 4,620 ሜትር ሲሉ የኋለኞቹ 4,550 ሜትር ገደማ ያደርጉታል። ይህ ልዩነት ማንንም አይጎዳም። ነገር ግን በ2015 ዓ.ም ክረምት በአማራ ክልል ግጭት ተነስቶ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ መታወጁን ከዚያ በፊት የታተመ መጽሐፍ ሊያውቅ አይችልም።

ስለዚህ ከመጽሐፉ የምናገኘውን በሁለት እንክፈለው። የቦታው ከፍታ፣ የዝናቡ ወራት፣ የወንዙ አቅጣጫና የርቀቱ መጠን ብዙ አይለዋወጡም፤ መጽሐፉ ቢያረጅም ይጠቅሙናል። ዋጋ፣ ስልክ ቁጥር፣ የመንገዱ ሁኔታና የአካባቢው ሰላም ግን ዛሬ ተጠይቀው ዛሬ የሚታወቁ ናቸው። እነዚህን ከመጽሐፍ ብቻ ወስዶ ልጆችን ይዞ መውጣት አይገባም።

ሌላው ጥንቃቄ መቁጠሪያው ነው። መጽሐፉ «በ6 ሰዓት ጠዋት» ቢል በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 12 ሰዓት ነው። «10,000 ጫማ» ቢል 3,050 ሜትር ገደማ ነው። ወራቱም በፈረንጅ ስለሆኑ «ከኖቬምበር እስከ ፌብሩዋሪ» የሚለው ከጥቅምት መጨረሻ እስከ የካቲት 20 ገደማ ያለውን ጊዜ ያመለክታል።

ባሌን እንደ ምሳሌ

የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። በመስከረም 2016 ዓ.ም በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ጽሕፈት ቤቱ በሚገኝበት በዲንሾ አካባቢ የድንኳን ማረፊያ ያለ ሲሆን የደጋ አጋዘን ከቅርብ ይታያል። ከጎባ ተነስቶ ወደ ደሎ መና የሚወስደው መንገድ ወደ 4,000 ሜትር ከፍታ ባለው የሳነቴ ሜዳ ላይ አልፎ ወደ ሐረና ጫካ ይወርዳል። ከፍተኛው ጫፍ ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ነው።

መመሪያ መጽሐፍ እነዚህን ቁጥሮች ይሰጠናል። እኛ ደግሞ ቁጥሩን ወደ ቤተሰባችን ኑሮ መተርጎም አለብን። በዲንሾና በሳነቴ መካከል የ1,000 ሜትር ያህል የከፍታ ልዩነት አለ። አዲስ አበባ የሚኖር ሰው በ2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ የለመደ በመሆኑ የተወሰነ ጥቅም አለው። ከድሬዳዋ ወይም ለዕረፍት ከጂዳ የመጣ ዘመድ ግን ይህ ልማድ የለውም። ከፍታ ያልለመደ ሰው ራሱን ሊያመው፣ ሊያቅለሸልሸውና እንቅልፍ ሊነሳው ይችላል። ሕፃን ልጅ ደግሞ ምን እንደሚሰማው መናገር ስለማይችል ዝም ብሎ ያለቅሳል፣ ምግብ እምቢ ይላል። መፍትሔው ወደ ላይ መውጣቱን ማቆምና ምልክቱ ከባሰ ሳይዘገዩ ወደ ታች መውረድ ነው። ስለዚህ ልጆች ያሉት ቤተሰብ በመጀመሪያው ሌሊት ሳነቴ ላይ ሳይሆን ዲንሾ ላይ ቢያድር ይመረጣል።

ወቅቱንም እንይ። የባሌ ዝናብ ከመጋቢት እስከ ጥቅምት ድረስ ይዘልቃል። እንግዲህ የልጆቻችን ረጅም ዕረፍት የሚውለው በዚሁ መካከል፣ በክረምቱ ላይ ነው። ለተራራ ድንኳን የሚሻለው ጊዜ የግማሽ ዓመት ዕረፍት የሚሰጥበት የጥር ማብቂያ ሰሞን ነው። ያኔ ሰማዩ ጥርት ያለ ይሆናል። ነገር ግን ሰማዩ ጥርት ባለ ቁጥር ሌሊቱ ይከፋል፤ በሳነቴ ብርዱ ከዜሮ በታች ስለሚወርድ ጠዋት ሣሩ ላይ ውርጭ ይታያል። መጽሐፉ «ደረቅ ወቅት» ያለውን «ሞቃት ወቅት» ብለን እንዳናነበው።

መጽሐፉ የተጻፈው ለማን ነው?

የመመሪያው ጸሐፊ በዓይነ ሕሊናው የሚያየው አንባቢ አለ፤ ብዙውን ጊዜ ወፍራም የመኝታ ከረጢት የያዘ፣ አስጎብኚ የቀጠረ፣ ብቻውን ወይም ከአንድ ጓደኛው ጋር የመጣ የውጭ አገር ሰው ነው። አያት፣ እናትና አምስት ልጆች በአንድ ሚኒባስ ሆነው ይመጣሉ ብሎ አላሰበም። በመሆኑም እኛን የሚመለከቱ ብዙ ነገሮች በመጽሐፉ ውስጥ አይገኙም።

ከእነዚህ አንዱና ዋነኛው የከሰል ነገር ነው። ቡና ያለ ከሰል አይሆንልንምና ምድጃ ይዘን እንሄዳለን። ማታ ሲበርድ ታዲያ ፍሙን ወደ ድንኳኑ አስገብቶ ልጆችን ለማሞቅ የሚቃጣው ሰው አይጠፋም። የከሰል ፍም ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ ጋዝ ያወጣል። ይህ ጋዝ ሽታም መልክም የለውም፤ በተዘጋ ቦታ የተኙ ሰዎችን ሳይነቁ ይገድላል። ፍሙ የጠፋ ቢመስልም ጋዙ አይቆምም። ስለሆነም ምድጃ በምንም ምክንያት ወደ ድንኳን አይግባ። ለብርዱ ተጨማሪ ብርድ ልብስ፣ ከመሬቱ የሚለይ ወፍራም ፍራሽና ደረቅ ካልሲ ይበቃል።

ለዉዱእና ለመጠጥ የሚሆነው ውሃ ቅርብ መሆኑን፣ መጸዳጃው ለሴቶችና ለልጆች የተከለለ መሆኑን፣ ሥጋ ከቤት መያዝ የሚያስፈልግ መሆን አለመሆኑንም ራሳችን እንጠይቅ። ቂብላን በተመለከተ ከባሌም ሆነ ከአዋሽ አቅጣጫው ወደ ሰሜን ገደማ ነው፤ ከስሜን ተራሮች ደግሞ ከሰሜን ጥቂት ወደ ምሥራቅ ያዘነብላል። ኮምፓስ የያዘ ልጅ ይህን ለታናናሾቹ ቢያሳይ ጂኦግራፊንም ይማራሉ።

ከመውጣታችን በፊት

ሁለት መጽሐፍ ካገኘን ስለ አንዱ ቦታ የሚሉትን እናስተያይ። በሚስማሙበት ላይ እንመካ፤ በሚለያዩበት ላይ እንጠይቅ። ከዚያ ወደ ፓርኩ ጽሕፈት ቤት ወይም በአካባቢው ወደሚኖር ዘመድና ወዳጅ ደውለን የሚከተሉትን እንረዳ፦

መንገዱ ክፍት ነው? የአካባቢው ሰላም እንዴት ነው? ውሃው ሳይፈላ ይጠጣል? ማገዶ ይሸጣል ወይስ ይዘን እንምጣ? ሌሊት የሚጠብቅ ስካውት አለ? ክፍያው ስንት ነው? የቅርቡ ጤና ጣቢያ የት ነው?

ወደ አዋሽና ወደ ስምጥ ሸለቆ የምንወርድ ከሆነ ከ2,000 ሜትር በታች ያለው አካባቢ ወባ ሊኖርበት ስለሚችል አጎበር አንርሳ።

ቦታው ላይ ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ ከተቻለ ከቀኑ 10 ሰዓት በፊት እንድረስ። ለሌሊት የሰፈረ መንገደኛ ከመንገዱ ፈቀቅ እንዲል፣ መንገዱ ሌሊት የእንስሳትና የተናዳፊ ተውሳኮች መመላለሻ መሆኑን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ማስተማራቸው በሙስሊም ዘገባ ተላልፎልናል። ማንኛውም የዛሬ መመሪያ ይህንኑ ይላል። በተጨማሪም በደረቀ ወንዝ ሆድ ውስጥ ድንኳን አንትከል። አሸዋው ለስላሳና ደልዳላ ስለሆነ ያባብላል፤ ዝናቡ ግን ሩቅ ደጋ ላይ ዘንቦ እዚያ ሰማዩ ጥርት እንዳለ ሊደርስ ይችላል። በ1998 ዓ.ም ክረምት የደቻቱ ወንዝ ሌሊት ድሬዳዋ ላይ ደርሶ ከ200 በላይ ሰዎችን መውሰዱን የማያስታውስ የለም።

ስንነሳ ደግሞ ቆሻሻችንን ይዘን እንመለስ። ውሻም ይዘን አንሂድ። ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ የቀረው ከ500 የማይበልጥ ሲሆን አብዛኛው የሚኖረው በባሌ ነው፤ ከሚያጠፉት ነገሮች አንዱም ከውሾች የሚተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታ ነው።

የእኛ ማስታወሻ

በመጨረሻም ለወጣቶች አንድ አደራ አለን። በየጉዞው አንድ ደብተር ይዛችሁ ሂዱ። ውሃው ከድንኳኑ ስንት እርምጃ እንደሆነ፣ ሌሊት ስንት ብርድ ልብስ እንዳስፈለገ፣ እናቶች ምን እንደቸገራቸው፣ ቀኑንና ዓመቱን ጨምራችሁ በአማርኛ ጻፉ። የመጽሐፉ ጸሐፊ ያላሰበውን ቤተሰብ የምታውቁት እናንተ ናችሁ። አምስት ጉዞ የተመዘገበበት ደብተር ለሚቀጥለው ጀመዓ ከማንኛውም ውድ መጽሐፍ ባልተናነሰ ይጠቅማል፤ ከእናንተ በኋላ የሚሄድ ሌላ ቤተሰብም ልጆቹን በሰላም ይዞ ለመመለስ ይረዳዋል።

አላህ የሄደውን በሰላም ይመልስልን። ወሰላሙ ዐለይኩም።