ነርቭን በሕይወት የሚያቆዩ ተቀባዮች

የሐሙሲት እናቶች ዶሮ ሲያሳቅፉ ጫጩቱ በ21 ቀን እንደሚፈለፈል ያውቃሉ። በእነዚያ ቀናት በቅርፊቱ ውስጥ ነርቭ እንዴት እንደሚያድግና ለምን እንደሚሞት በማሳየት ስሟ የሚነሳው ሪታ ሌቪ-ሞንታልቺኒ ናት። ጣሊያናዊት አይሁዳዊት ነበረች፤ የሙሶሊኒ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1938 ባወጣው የዘር ሕግ ከዩኒቨርሲቲ ስትባረር ቱሪን ውስጥ መኝታ ክፍሏን ቤተ ሙከራ አደረገችው። የጽንሱ እግር ገና ሲያቆጠቁጥ ከተቆረጠ፣ ወደዚያ የሚያመሩት የነርቭ ሴሎች ይፈጠራሉ፣ መርዘም ይጀምራሉ፣ ከዚያ ይሞታሉ። የሚያኖራቸው ከመድረሻቸው የሚመነጭ ፕሮቲን ነበር። በ1950ዎቹ ከስታንሊ ኮኸን ጋር አሜሪካ ውስጥ ይህን ፕሮቲን ለይተው አወጡ፤ በ1986 ሁለቱም ኖቤል ተሸለሙ።

ፕሮቲኑ ግን ተቀባይ ከሌለው ምንም አይሠራም። ተቀባዩ በነርቩ ጫፍ፣ በሴሉ ሽፋን ላይ፣ ግማሹ ወደ ውጭ ግማሹ ወደ ውስጥ ሆኖ ተተክሏል። ፕሮቲኑ ሲይዘው ሁለት ተቀባዮች ተጣምረው አንዱ ሌላውን ያነቃል፤ ከዚያ በትንሽ ከረጢት ተጠቅልለው ወደ ሴሉ አካል ይጓዛሉ። ከእግር ጣት የሚነሳው ነርቭ የሴል አካሉ አከርካሪ አጠገብ ስለሆነ፣ በአዋቂ ሰው ጉዞው አንድ ሜትር ያህል ነው። በጽንስ ጊዜ ይህ መልእክት ካልደረሰ ሴሉ ራሱን ያጠፋል። በዚያ ጊዜ የነርቭ ሴል ከሚፈለገው በላይ ስለሚፈጠር፣ በብዙ የነርቭ ክፍሎች ግማሽ ያህሉ የሚቀነሰው በዚህ መንገድ ነው። ጭካኔ ቢመስልም የነርቩ ብዛት ከአካሉ ጋር የሚመጣጠነው እንዲህ ነው።

ተቀባዮቹ አራት ናቸው። ትረክ ኤ ሕመምና ሙቀት የሚያስተላልፉትን ነርቮች ያኖራል፤ ትረክ ቢ በአንጎል ውስጥ ለመማርና ለማስታወስ ያገለግላል፤ ትረክ ሲ እጅና እግራችን የት እንዳለ ሳናይ የምናውቅባቸውን ነርቮች ይጠብቃል። አራተኛው ፒ75 የዚህን ቤተሰብ ፕሮቲኖች ሁሉ ይቀበላል፤ ያልበሰለው የፕሮቲን ቅርጽ ሲይዘው ግን ለሴሉ የሞት ትእዛዝ ይሰጣል። እኔን ይበልጥ የሚደንቀኝ ይሄኛው ነው፦ ያው አንድ ተቀባይ ሁለት ፍርድ ይሰጣል።

በ1996 የጃፓን ተመራማሪዎች የትረክ ኤ ጂን የተበላሸባቸውን ልጆች ለዩ። ልጆቹ ሕመም አይሰማቸውም፣ አያልባቸውም፤ ምላሳቸውን ነክሰው ያቆስላሉ፣ አጥንታቸው ተሰብሮ አያውቁትም። ሕመም ሳይሰማ መኖር እረፍት የሚመስለው ካለ እነዚህን ልጆች ያስብ።

በአገራችን ይህን ዓይነት ስሜት ማጣት ከሚያመጡት በሽታዎች አንዱ የሥጋ ደዌ ነው። ባክቴሪያው ነርቭን የሚያቅፉትን ሴሎች ይወራል፤ በ1994 የታተመ ጥናት ደግሞ በተጎዳው ቆዳ ውስጥ ያ የሌቪ-ሞንታልቺኒ ፕሮቲን መመናመኑን አሳይቷል። አዲስ አበባ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1970 የተቋቋመው የአርማወር ሐንሰን ምርምር ተቋም ይህን በሽታ ለማጥናት የተመሠረተ ነው።

ሐሙሲትም ሆነ ደብረ ታቦር ዙሪያ የምትኖሩ፣ ቆዳችሁ ላይ ነጣ ያለና ሲነኩት የማይሰማ ቦታ ካያችሁ ሳትዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ። መድኃኒቱ በነጻ ይሰጣል፣ ያድናልም፤ የሞተ ነርቭ ግን በመድኃኒቱ አይመለስም።