«ድርሻሽን እከፍልሻለሁ» ብሎ ፈረመ፤ ከዚያስ?

ፍቅር ሲያልቅ ሽማግሌ ይጠራል። ሽማግሌ ሲደክመው ፍርድ ቤት ይኬዳል። በመጨረሻ ግን ጭቅጭቁ ሁሉ የሚያርፈው ቤቱ ላይ ነው። ሶፋው ለአንዱ፣ ቴሌቪዥኑ ለሌላው ይደርሳል፤ ቤት ግን በመጋዝ አይከፈልም። ስለዚህ አንደኛው ቤቱን ያስቀርና የሌላውን ድርሻ በብር ሊከፍል ይፈርማል። ዛሬ ላወራችሁ የፈለግሁት ስለዚያች ፊርማ ነው። ብዙዎች ፊርማዋን ሲይዙ ቤቱን የያዙ ይመስላቸዋልና!

አንዲት የማውቃት ወጣት ከባሏ ጋር በስምምነት ተፋታች። ስምምነቱን ፍርድ ቤቱ አጸደቀው። ቤቱ ለእሱ ሆነ፤ እሱም ድርሻዋን በሁለት ዓመት ውስጥ ሊከፍላት፣ እስኪከፍል ድረስም ቤቱ መያዣዋ እንዲሆን ተስማማ። እሷ ወረቀቱን በፕላስቲክ ጠቅልላ ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀመጠችው። እሱ ደግሞ ካርታውን ይዞ ወደ ባንክ አመራ። ማኅደሩ ሲታይ ቤቱ ከዕዳና እገዳ ነጻ ነው። ባንኩ አበደረው፤ መያዣውንም አስመዘገበ። ከዚያ ንግዱ ከሰረና ቤቱ ጨረታ ወጣበት። ልጅቷ ወረቀቷን ይዛ ብትሮጥ የተሰጣት መልስ አንድ ነው፤ «እህቴ፣ ማኅደሩ ላይ የለሽም።»

«ግፍ ነው!» ትሉ ይሆናል። እኔም ብያለሁ። ግን ሕጉን ገልጬ ሳየው ነገሩ ሌላ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 3052 እንደሚለው መያዣ በማንኛውም መንገድ ቢገኝ ውጤት የሚኖረው በማይንቀሳቀስ ንብረት መዝገብ ከገባበት ቀን ጀምሮ ነው። በአንድ ቤት ላይ ብዙ ባለመያዣዎች ቢኖሩ ደግሞ ቅድሚያ የሚያገኘው ቀድሞ የተመዘገበው ነው። ማን ቀድሞ ፈረመ፣ ማን ይበልጥ ተበደለ ብሎ የሚጠይቅ የለም።

የሚያንገበግበው ሕጉ ከጎኗ መሆኑ ነው። ቁጥር 3043 ንብረት የተካፈለ ሰው የሚቀረው ገንዘብ እስኪከፈለው ድረስ ለባልንጀራው በደረሰው ቤት ላይ በሕግ መያዣ አለው ይላል። ቁጥር 3044 ደግሞ ፍርድ ቤት ፍርዱ እንዲፈጸም በተከራካሪው ቤት ላይ መያዣ ሊሰጥ እንደሚችል ይናገራል። ያም ሆኖ ሁለቱም ካልተመዘገቡ ዋጋ የላቸውም።

«ያለ እኔ ፊርማ እንዴት ቤቱን ያስይዛል?» የምትል አትጠፋም። የ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ የጋራ ቤት ለማስያዝ የሁለቱንም ስምምነት የሚጠይቀው ለባልና ሚስት ነው። ትዳሩ ፈርሶ፣ ንብረቱ ተከፍሎ፣ ቤቱ የእሱ ብቻ ከሆነ በኋላ የእሱ ፊርማ ይበቃል።

ታዲያ ልጅቷ ሁሉን አጣች? ዕዳው አልጠፋም። ከጨረታው ባንኩ ድርሻውን ወስዶ የተረፈ ካለ ልትጠይቅ፣ ሌላ ሀብትም ካለው በፍርድ አፈጻጸም ልታስይዝ ትችላለች። ግን ከከሰረ ሰው ምን ይገኛል? የደረቀ ላም ማለብ ነው።

እንግዲህ የውርስ ቤት ለምትካፈሉ ወንድምና እህቶችም፣ ሽርክና ለምታፈርሱም ነገሩ ያው ነውና የሚከተለውን ያዙ።

መጀመሪያ፣ ገንዘቡን በቁጥር ጻፉት። «ግማሹን» ወይም «የሚገባትን» የሚል ቃል ለመያዣ አይሆንም። ሕጉ መያዣው የሚያስከብረው ዕዳ በኢትዮጵያ ብር ካልተገለጸ ውሉን ዋጋ ያሳጣዋል። ውጭ አገር ያለው ባል «በዶላር እልካለሁ» ቢልም መያዣው ላይ የሚጻፈው ብር ነው።

ቀጥሎ፣ ውልና ማስረጃ ሄዶ ማስፈረም አንድ ነገር ነው፤ ቤቱ በሚገኝበት አካባቢ የይዞታ መዝገብ ላይ ማስመዝገብ ደግሞ ሌላ። ሁለቱንም አድርጉ። ከተመዘገበም በኋላ ማኅደሩ ላይ መግባቱን የሚያሳይ ማስረጃ ጠይቁ።

«ባልከፍል ቤቱ ያንቺ ይሁን» በሚል ቃልም አትታለሉ። ሕጉ አስቀድሞ የተገባ እንዲህ ያለ ውል አይቀበልም። ዕዳው ባይከፈል ቤቱ የሚሸጠው በሕግ ሥርዓት ነው።

ክፍያው ረጅም ዓመት የሚፈጅ ከሆነም ቀን ቁጠሩ። የመያዣ ምዝገባ የሚጸናው ለ10 ዓመት ነው፤ ከዚያ በፊት መታደስ አለበት።

ከሁሉም በላይ ቅደም ተከተሉን አትሳቱ። ስሙ ከመዞሩና ካርታው ከእጃችሁ ከመውጣቱ በፊት መያዣችሁ ይመዝገብ። «በሰላም ተለያይተን እንዲህ ብዬ እንዴት እጠይቀዋለሁ?» ብላችሁ አትፈሩ። ሊከፍል ያሰበ ሰው መዝገብ አያስደነግጠውም። ከተቆጣ ግን፣ እመኑኝ፣ ያኔውኑ መልሱን ነግሯችኋል።