ከቀዶ ጥገና በኋላ ለሚከሰት የጉሮሮ ሕመም የዕፅዋት መድኃኒቶች ጠቀሜታና ሊደረግ የሚገባው ጥንቃቄ

በሙሉ ሰመመን ቀዶ ጥገና የተደረገላቸው ሕሙማን ከነቁ በኋላ ጉሮሯቸውን እንደሚከረክራቸው፣ ምራቅ ለመዋጥ እንደሚቸገሩና ድምፃቸው እንደሚሻክር መግለጻቸው የተለመደ ነው።

የሕመሙ ዋነኛ መነሻ ታካሚው በሰመመን ላይ ሳለ እንዲተነፍስ በአፉ በኩል ወደ አየር ቧንቧው የሚገባው ቱቦ ነው። አየር በጎን እንዳያመልጥ በቱቦው ጫፍ አካባቢ ያለው ፊኛ ይነፋል፤ ከመጠን በላይ ከተነፋ ግን የቧንቧውን ስስ ሽፋን ተጭኖ የደም ዝውውሩን ይቀንሳል። ሕመሙ አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ቀናት ውስጥ ያለ መድኃኒት ይለቃል።

በዕፅዋት ረገድ የተሻለ ማስረጃ የተገኘው ሊኮሪስ በሚባለው ጣፋጭ ሥር ላይ ነው። በኦስትሪያ ቪየና በ236 የደረት ቀዶ ጥገና ታካሚዎች ላይ ተካሂዶ እ.ኤ.አ በ2013 ውጤቱ የታተመ ጥናት እንዳመለከተው፣ ሰመመን ከመሰጠቱ 5 ደቂቃ ቀደም ብሎ የሥሩን ውህድ መጉመጥመጥ የጉሮሮ ሕመሙን በግማሽ ገደማ ቀንሷል። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ውህዱ የተሰጠው ከቀዶ ጥገናው በፊት መሆኑ ነው። ሥሩን በብዛትና ለረጅም ጊዜ መውሰድ የደም ግፊትን ይጨምራል፤ በደም ውስጥ ያለውን የፖታሲየም መጠንም ይቀንሳል።

በአገራችን ጠያቂ ዘመድ ከሚያቀርባቸው መካከል ማር የተጨመረበት ለብ ያለ የቶስኝ ሻይ ጉሮሮን ያለዝባል። ታካሚው መጠጣት የሚችለው ግን ሐኪሙ ሲፈቅድለት ብቻ ነው። ማር ዕድሜያቸው ከአንድ ዓመት በታች ለሆነ ሕፃናት አይሰጥም።

ከማር ጋር የሚበላው ጥሬ ነጭ ሽንኩርት ጉዳይ ግን የተለየ ነው። ነጭ ሽንኩርት የደም መርጋትን ሊያዘገይ ስለሚችል፣ በተለይ የቶንሲል ቀዶ ጥገና ለተደረገላቸውና ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ለሚወስዱ ሰዎች አይመከርም። የአሜሪካ የሰመመን ሐኪሞች ማኅበር ታካሚዎች የዕፅዋት መድኃኒቶችን ከቀዶ ጥገናው ቢያንስ ሁለት ሳምንት አስቀድመው እንዲያቆሙ የመከረውም በመሰል ምክንያቶች ነው። የባህል መድኃኒት የወሰደ ታካሚ እንዳይቆጡት በመስጋት ከሰመመን ሰጪው ባለሙያ መደበቁ የደም መፍሰስ አደጋን ያስከትልበታል።

ሕመሙ ከአንድ ሳምንት በላይ ከቆየ፣ ትኩሳት ከታየ ወይም የድምፁ መሻከር ካልለቀቀ ታካሚው ወደታከመበት ሆስፒታል መመለስ አለበት። ለመተንፈስ ከተቸገረ ወይም ከአፉ ደም ከወጣ ግን ለአፍታም ሳይዘገይ አቅራቢያው ወደሚገኝ የድንገተኛ ሕክምና ክፍል መሄድ ይኖርበታል።