አንድ ሕይወት ብቻ ስለሚሰጡ ጨዋታዎች

ዛሬ ወጣቶች በኮምፒዩተርና በስልክ የሚጫወቱት የቪዲዮ ጨዋታ ዓይነቱ ብዙ ነው። በአብዛኛው ውስጥ ግን ተጫዋቹ የሚመራው ሰው ቢሞት ሞቱ ሞት አይባልም፤ ከወደቀበት ስፍራ ጥቂት ወደ ኋላ ፈቀቅ ብሎ ይነሣና ምንም እንዳልደረሰበት መንገዱን ይቀጥላልና። በአንዳንዱም፥ ይልቁንም በነጻ ተብሎ በስልክ ላይ በሚሰጠው፥ የልጁ ሕይወት ባለቀ ጊዜ ጨዋታው «ገንዘብ ክፈልና ተነሥ» ይለዋል። የቤት ገንዘብ አባት ሳያውቀው ጥቂት በጥቂት የሚወጣበት አንዱ በር ይህ ነው።

እኛ ዛሬ ለክቡራን አንባቢዎቻችን ለመግለጽ ያሰብነው የዚህ ተቃራኒ ስለ ሆነው ጨዋታ ነው። በዚህኛው ተጫዋቹ አንድ ጊዜ ከሞተ ሞተ። የሰበሰበው ወርቅ፥ የያዘው መሣሪያ፥ የደረሰበት ደረጃ ሁሉ አብሮት ይቀራል፤ እንደ ገና መጫወት ቢፈልግ ከመጀመሪያው ደጃፍ አዲስ ሰው ሆኖ ይነሣል። ሠሪዎቹ ይህን ሕግ ፐርማዴዝ ይሉታል፤ የማይመለስ ሞት ማለት ነው። ቢከፍሉም፥ ቢለምኑም፥ ቢቈጡም የሄደው አይመለስም፤ ጌታውና አሽከሩም በፊቱ እኩል ናቸው።

«ይህማ ሰውን ማስጨነቂያ እንጂ ምን ጨዋታ ይባላል?» የሚል ሰው ሳይኖር አይቀርም። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱን ለማግኘት ግን ሕጉ ከየት እንደ መጣ መመልከት ያስፈልጋል።

በፈረንጆች አቈጣጠር (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ናቸው) በ1980 ገደማ በአሜሪካ አገር በሳንታ ክሩዝ ባለው በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ማይክል ቶይና ግሌን ዊችማን የተባሉ ሁለት ወጣቶች ሮግ የሚባል ጨዋታ ሠሩ፤ ኋላም በበርክሊ ኬን አርኖልድ የሚባል ሦስተኛ ባልንጀራ ተጨመረላቸው። እነርሱ ይሠሩባቸው የነበሩት ኮምፒዩተሮች በመስታወታቸው ላይ ፊደል እንጂ ሥዕል አያሳዩም ነበርና ግድግዳው በሰረዝ፥ አውሬው በእንግሊዝኛ ፊደል፥ ተጫዋቹም ዛሬ በኢሜይል አድራሻ መካከል በምናየው ክብ ምልክት ይታይ ነበር። ተጫዋቹ ከምድር በታች ወዳለው ዋሻ ደረጃ በደረጃ እየወረደ የየንዶር ክታብ የሚባለውን ፈልጎ ይዞ መውጣት አለበት። የዋሻው ክፍሎችና መተላለፊያዎች በተጫወቱ ቍጥር በአዲስ መልክ ስለሚደለደሉ መንገዱን በቃል ማጥናት አይቻልም፤ ሠሪዎቹ ራሳቸው እንኳ ሲጫወቱት ምን እንደሚገጥማቸው አስቀድመው አያውቁም ነበር።

በዚሁ ዋሻ ውስጥ ልዩ ልዩ ቀለም ያላቸው መድኃኒቶች በብልቃጥ ይገኛሉ። ሰማያዊው የሚያድን ወይም የሚያሳውር እንደ ሆነ ሳይቀምሱት ለማወቅ ያስቸግራል። እንግዲህ ተጫዋቹ ጠጥቶ ቢታወር ወደ ኋላ ተመልሶ እንዳልጠጣ መሆን ቢችል ኖሮ ብልቃጡ ምን ምሥጢር ይኖረው ነበር? ስለዚህ እንዲህ አደረጉ፤ ተጫዋቹ ሲደክመው ጨዋታውን በመዝገብ አስቀምጦ መሄድ ይችላል፥ በተመለሰ ጊዜ ግን መዝገቡ ተከፍቶ ወዲያው ይሰረዛል። መዝገቡ ለማረፍ እንጂ ለመጸጸት አያገለግልም። የማይመለስ ሞት የተሠራው ሰውን ለማስጨነቅ ሳይሆን እያንዳንዱ ቍርጥ አሳብ ክብደት እንዲኖረው ነው።

ሮግ በ1983 በርክሊ ካሠራጨው የዩኒክስ ሥርዓት ጋር ወደ ብዙ ትምህርት ቤቶች ደረሰ፤ ከእርሱም የተወለዱት ሁሉ ሮግላይክ፥ ይኸውም ሮግ መሰል፥ ተባሉ። ከእነርሱ አንዱ በ1987 የወጣው ኔትሃክ ነው፤ እስከ ዛሬም ያለ ዋጋ ይገኛል። በኔትሃክ አንዳንድ ጊዜ የሞተው ሰው ዕቃ ከመንፈሱ ጋር በሞተበት ስፍራ ይቀርና በኋላ የሚመጣው ተጫዋች ያገኘዋል። ነገር ግን ከዕቃው ብዙው የተረገመ ስለሚሆን ወራሹ ሳይመረምር ቢለብሰው ይጐዳል። ወርሶ የማያውቅ ሰው ይህን ቢጫወት መልካም ነው።

ኢንዲ የሚባሉት ትልቅ ኩባንያ ሳያዛቸው አንድ ሰው ወይም ጥቂት ሰዎች በራሳቸው አሳብ የሚሠሯቸው ጨዋታዎች ናቸው። የማይመለስ ሞት በእነርሱ ዘንድ የበዛው ያለ ምክንያት አይመስለንም። ብዙ ገንዘብ ያፈሰሰ ኩባንያ ገዢው ሁሉ ፍጻሜውን እንዲያይለት ይፈልጋልና ተጫዋቹን ለመግደል ይፈራል። ሁለት ሰዎች ግን መቶ ሠዓሊ ቀጥረው ሰፊ ዓለም ለማሠራት አቅም ስለሌላቸው፥ ዓለሙ ራሱ በየጊዜው እንዲደለደል ያደርጉና ትንሹን ሥራ ብዙ ጊዜ የሚያጫውት ያደርጉታል።

ለዚህ መልካሙ ምሳሌ ዴሪክ ዩ የተባለው ሰው በ2008 ያለ ዋጋ ያወጣው፥ በ2012ም ሥዕሉን አሳምሮ እንደ ገና የሠራው ስፔለንኪ ነው። አንድ ትንሽ ሰው በጅራፍና በገመድ ዋሻ ይወርዳል። በግድግዳው ውስጥ ፍላጻ የሚወረውር የድንጋይ ፊት አለ፤ ያልተሰወረ ስለ ሆነ ዓይን ያለው ሁሉ ያየዋል። የቸኰለ ልጅ በፊቱ ሮጦ ያልፍና ይወጋል፤ ያስተዋለው ግን አስቀድሞ ድንጋይ ወይም ገንቦ ይወረውርበትና ፍላጻው በከንቱ ከወጣ በኋላ በሰላም ያልፋል። በዋሻው ውስጥ ባለ ሱቅም አለ። ዕቃውን ሳይከፍሉ ይዘው ቢወጡ በጠመንጃ ይከታተላል፤ ከእርሱ ቢያመልጡም በሚቀጥለው ደረጃ የሙያ ባልንጀራው መሣሪያውን ይዞ በመውጫው ይጠብቃል። በአንድ ደረጃ ላይ ከሁለት ደቂቃ ተኩል በላይ የዘገየውን ደግሞ በነካ ጊዜ የሚገድል መንፈስ ይመጣበታል። እንግዲህ መቸኰልም መዘግየትም ያስቀጣል ማለት ነው። በ2013 ለኮምፒዩተር የወጣው ዓይነት በየቀኑ ለሁሉ ተጫዋች አንድ ዓይነት ዋሻ ይሰጣል፤ ለእያንዳንዱም በቀን አንድ ሙከራ ብቻ። ወንድማማቾች ማታ ተገናኝተው «አንተ እስከ የት ደረስህ?» እያሉ ሊወዳደሩበት ይችላሉ።

የጣት ፍጥነት ለሌለን ለአዋቂዎች ግን ኤፍ ቲ ኤል ይሻላል። ይህን በ2012 ያወጡት ማቲው ዴቪስና ጀስቲን ማ የተባሉ ሁለት ሰዎች ናቸው። ሥራውን ለመጨረስ ኪክስታርተር በሚባለው የገንዘብ ማዋጫ ከሕዝብ 10,000 ዶላር ቢለምኑ ከ200,000 ዶላር በላይ ተዋጣላቸው። ተጫዋቹ የአንዲት የጠፈር መርከብ አዛዥ ሆኖ፥ ከኋላው የዐመፀኞች ጦር እየተከተለው፥ ምሥጢር ይዞ ወደ ወገኖቹ ይገሠግሣል። ውጊያው በተፈለገ ጊዜ ቆሞ ይጠብቃል፤ አዛዡም ተረጋግቶ ትእዛዝ ይሰጣል። በመርከቢቱ እሳት ቢነሣ በሮቿን ወደ ጠፈር ከፍቶ አየሩን በማስወጣት እሳቱን ማጥፋት ይቻላል፥ ዳሩ ግን በዚያ ክፍል ያለው ባሕረኛ አብሮ ይታፈናል። ለባሕረኞቹ ስም የሚያወጣላቸው ተጫዋቹ ራሱ ነው። ስለዚህ ልጆች የእኅታቸውንና የአጎታቸውን ስም ያወጡላቸዋል፤ እኅቲቱ ካለችበት ክፍል አየሩን ለማስወጣት ያን ጊዜ እጅ ይከብዳል። በዚህ ጨዋታ ሞት የሚያስተምረው አስቀድሞ በዚህ ነው።

እነዚሁ ሁለት ሰዎች በ2018 ኢንቱ ዘ ብሪች የሚባለውን አወጡ። የጦር ሜዳው ልክ እንደ ሰንጠረዥ 8 በ8 ነው፤ ጠላት በሚቀጥለው ተራ ምን ሊያደርግ እንዳሰበ ሁሉ በግልጥ ይታያል። እንግዲህ የተሸነፈ ሰው «አላየሁም ነበር» ሊል አይችልም። በእኛ አገር ሰንጠረዥ ወረራው እስኪያበቃ፥ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱ ወገኖች ተራ ሳይጠብቁ እንደሚሮጡ የሚያውቅ አዛውንት፥ ይህን ጸጥ ያለ ጨዋታ በመጀመሪያ ቀዝቃዛ ሊለው ይችላል፤ ሁለት ማታ ቢታገሠው ግን ከልጅ ልጁ ጋር ይሻማበታል ብለን እንገምታለን። በጨዋታው ሁሉ ቢጠፋም አንድ የተረፈ ወታደር ልምዱን ይዞ ወደ ሌላ ዘመን ሊሻገር ስለሚፈቀድለት ሕጉ ከሮግ ጥቂት የለዘበ ነው።

ከዚህም የለዘበ የሚፈልግ በ2013 የወጣውን ሮግ ሌጋሲ ይመልከት። በዚያ የሞተው ሞቶ ይቀራል፤ ተጫዋቹ ግን ከቀረቡለት ሦስት ልጆች አንዱን ወራሽ አድርጎ ይመርጥና የአባቱን ወርቅ ለግንብ ማደሻ ያውለዋል። ወራሾቹ አንዱ ቀለም የማይለይ፥ ሌላው በጣም ግዙፍ፥ ሌላው በጣም አጭር ይሆናል። በእውነቱ ይህ ጨዋታ ከመከራው ይልቅ ሣቁ ይበዛል።

ወላጆች ሁለት ነገር እንዲጠነቀቁ እንመክራለን። በመጀመሪያ፥ በችግሩ መልካም የሆነ ጨዋታ ሁሉ ለቤተ ሰብ ይስማማል ማለት አይደለም። በ2011 የወጣው ዘ ባይንዲንግ ኦቭ አይዛክ በአሠራሩ እጅግ የተመሰገነ ነው፤ ታሪኩ ግን እናቱ ልትገድለው ስለምትፈልግ በእንባው እየተዋጋ ስለሚሸሽ ሕፃን ነውና ትንንሽ ልጆች ባሉበት ቤት ባይገባ እንወዳለን። በሁለተኛ ደረጃ፥ የውጭውን መልክ አይቶ መፍረድም አይገባም። በ2024 ስሙን የሠወረ አንድ የካናዳ ሰው ያወጣው ባላትሮ በፖከር ካርታ ይጫወቱታል፤ በእውነተኛ ገንዘብ ግን መወራረድ የለበትም። ለጨዋታዎች የዕድሜ ልክ የሚወስነው ፔጊ የሚባለው የአውሮፓ ማኅበር ቁማር ያስተምራል ብሎ ከ18 ዓመት በታች ላሉት አይሆንም ቢልም በ2025 አስተያየቱን አሻሽሎ ወደ 12 ዓመት አውርዶታል። ቢሆንም ካርታ በቤቱ እንዳይነካ የወሰነ አባት ውሳኔውን ቢጠብቅ አንነቅፈውም።

ስለ መምረጥ ይህን ያህል ካልን፥ አዲስ ጨዋታ ለሚፈልግ ሰው መንገዱ ቀላል ነው። ብዙዎቹ ሠሪዎች ለናሙና የሚሆን ቍራጭ ያለ ዋጋ ይሰጣሉ፤ ዴሞ የሚባለው ነው። ስቲም ከሚባለው መደብር የተገዛም ጨዋታ፥ ከ2 ሰዓት በላይ ሳይጫወቱበት በ14 ቀን ውስጥ ቢመልሱት ገንዘቡን ማስመለስ ይቻላል። ከ2005 ጀምሮም በየዓመቱ በሰባት ቀን ውስጥ አንድ ሮግላይክ ሠርቶ ለመጨረስ የሚሞከርበት ልማድ አለ፤ ከሚወጡትም ብዙዎቹ ኢች ዶት አይኦ በሚባለው ድረ ገጽ ያለ ዋጋ ይገኛሉ። አብዛኞቹ ጥሬ ናቸው፤ ሆኖም በመካከላቸው እንቍ አይጠፋም።

በእነዚያ ሁለት ሰዓቶች ውስጥ መልካሙን ከክፉው ለመለየት የሚበቃ አንድ ጥያቄ አለ። ልጁ በሞተ ጊዜ «ምን ገደለህ?» ብለው ይጠይቁት። «ሩጬ ገባሁ፤ ፍላጻውን አይቼ ነበር፥ ችላ አልሁት» ካለ ጨዋታው ደኅና ነው፤ እንዲሞትም ተዉት። ሦስት ጊዜ ተጠይቆ ሦስቱንም ጊዜ «እንጃ፥ እንዲያው ገደለኝ» ካለ ግን ጨዋታው ሌባ ነውና በጊዜው ይመለስ። ልጁ የሁለት ሰዓት ድካሙ ሲጠፋበት ቢያለቅስ አይሣቁበት፤ በዚያች ሰዓትም አይምከሩት። ጥያቄውን ከራት በኋላ ቢያደርጉት የተሻለ መልስ ያገኛሉ።

ለራት ሲጠሩትም አንድ ነገር ይወቁ። የስፔለንኪ አንድ ዙር ከጥቂት ደቂቃ እስከ ግማሽ ሰዓት ያህል ነው፤ እስኪጨርስ ቢጠብቁት አይጐዱም። የኤፍ ቲ ኤል ዙር ሁለት ሰዓት ያህል ይወስዳል፤ ነገር ግን አስቀምጦ መነሣት ይፈቀዳልና «መርከቤ ትጠፋብኛለች» የሚለው ምክንያት አይቀበሉት። የኔትሃክ አንድ ጕዞ ብዙ ቀን ሊፈጅ ይችላል፥ እርሱም ተቀምጦ ይቈያል።

መጀመር የሚፈልግ ቤተ ሰብ የ2008ቱን ስፔለንኪ ያለ ዋጋ አውርዶ በማንኛውም ዊንዶውስ ባለው አሮጌ ኮምፒዩተር ሊሞክረው ይችላል። አባትየው አስቀድሞ ቢቀመጥበት መልካም ነው፤ ልጆቹ ከኋላው ቆመው ይመልከቱና ምን እንደ ገደለው እነርሱ ይንገሩት።